ከማዶ ያመጣነው ግንድ

የእኛ ሰፈር ሰው ሲጯጯህ ብታዩ ጠብ እንዳይመስላችሁ። የምንጮኸው ድምፃችን ስለማይሰማ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት ነው፤ በየበሩ የመጋዝ ማሽን አለ። ጠዋት አንዱ ሲያስነሳ ሌላው ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ሰው የገዛ ሐሳቡንም አይሰማም። አባዬ ግራ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል። ቀኙም ቢሆን የሚሠራው ደስ ሲለው ነው፤ በተለይ «ዛሬ ልረፍ» ስለው ድርቅ ይላል።

መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ትንሽ ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲያ ጫካው ነው። ስም አላወጣንለትም፣ «ማዶ» ነው የምንለው። እንጨታችን የሚመጣው ከማዶ ነው። ልጆቻችንም ሲጠፉ የሚጠፉት ማዶ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን እንጨት ሳይመጣ እንጀራ ስለሌለ ሁሉም አፉን ይዞ ይሠራል።

የማዶ አስማት የተረት አስማት አይደለም። መልኩን የሚለዋውጥ ጠንቋይ የለበትም፣ የሚናገር እባብም የለበትም። ማዶ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸጥታ። ወንዙን እንደተሻገራችሁ የመጋዙ ጩኸት በር እንደተዘጋበት ቀጥ ይላል። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም። በጆሮህ ውስጥ ከልጅነትህ ጀምሮ ሲያፏጭ የኖረው ነገር እንኳ ዝም ይላል። ትልልቆቹ ይህን ጸጥታ አይችሉትም። ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል፣ ግንዳቸውን ቆርጠው፣ ጎትተው፣ እየተሳደቡ ይወጣሉ። እኛን፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለነውን ግን ደስ ይለናል። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ደስ ሲልህ ትቆማለህ። ስትቆም እግርህ ይከብዳል፣ ጣቶችህ ጫማህን ቀደው አፈር ውስጥ ይገባሉ፣ ቆዳህ ቅርፊት ያወጣል። ሌላ ቦታ «ቆሞ ቀረ» ማለት ፌዝ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ለቅሶ ይቀመጡበታል።

ወንድሜ ቆሞ ቀረ።

የሰፈሩ ሰው ሜትር ነበር የሚለው፤ ከቁመቱም ነው፣ ያየውን ሁሉ ካልለካ ስለማይወድም ነው። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ እርሳስ አይለይም ነበር፤ ተኝቶም ሳይቀር። እኔን ደግሞ ፌንጣ ይሉኛል፤ አንድ ቦታ አልረጋም። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ስድብ ሳልማር ስለሆነ ያሳደጉኝ እነዚህ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ አስተዳደጌ ካላማረ እነሱን ጠይቁ።

ነገሩ የተጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሦስታችን ሣጥን ላይ ተቀምጠን እየበላን ነበር።

«አባዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ነው» አለ ሜትር።

«ማን ነው የጮኸው?» አለ አባዬ።

«ጆሮዬ! ማሽኑ ከጠፋ በኋላም አይተወኝም። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሌላ ሥራ ልሞክር፣ ጸጥ ያለ ነገር። ልሂድ በቃ።»

«እኔስ? ዕድሜዬን ሙሉ እሱን እየሰማሁ አይደል ያሳደግኳችሁ? ምን ሆንኩ?»

«ምን አልሆንክም! ስጠራህ እንኳ አትሰማኝም እኮ።»

«የሚረባ ነገር ስታወራ እሰማሃለሁ» አለና አባዬ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

እኔ ሳቅኩ። ሜትር አልሳቀም። እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ መላጊያውን ቦታው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ወደ ቧንቧው የሄደ ነበር የመሰለን። ሥራ ጀምረን ሳይመለስ ሲቀር ግን ልቤ አላስቀምጥ አለኝና ወደ ወንዙ ሮጥኩ። መሻገሪያ ድንጋዮቹ ላይ የጫማ ቅርጽ ያለው ሳጋቱራ ነበር። አንዱ ድንጋይ ላይ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ፣ ከዚያ ማዶ ላይ። የመመለሻ ዱካ አልነበረም።

ያን ዕለት ቤታችን በሰው ሞላ። እኛ ሰፈር ከንፈር መምጠጥ የሚችልበት ሰው ሞልቷል፣ ሚስማር መምታት የሚችለው ነው ያነሰው። «እግዜር ያጽናችሁ» አሉን፣ ልጁ ገና ሳይቀበር። ቁም ነገር ይዛ የመጣችው አንዷ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች። ይቺ ሴት ከማዶ የተመለሰች ብቸኛ ሰው ናት። በልጅነቷ ቆማ ቀርታ አባቷ አግኝቶ አመጣት ይባላል፤ እስከ ዛሬ ግራ ክርኗ ላይ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት አለባት። ሰው በሌለችበት ቅርፊት ይላታል። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የጠራት ግን የለም፣ መቀሷ ትልቅ ነው።

«ሰው መሆኑን በሙቀቱ ታውቁታላችሁ» አለችን። «እንጨት ቀዝቃዛ ነው። የሞቀ ግንድ ካገኛችሁ ሰው ነው። ከሥሩ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ አምጡና እግሩን ውሃ ውስጥ አቁሙት። እኔን አባቴ ውሃ ሲያመላልስ ወገቡ ተቆርጧል፤ እንደ ግመል ነበር አሉ የምጠጣው። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ቅርፊቱ ይለቃል።»

«እትዬ፣ ሲለቅ ያማል?» አልኳት።

«ሂጂና ወንድምሽን አምጪ» አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ።

ጠዋት አባዬ የእጅ መጋዙን፣ ገመድ፣ ጆንያና የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ፣ እኔ ጋሪውን እየገፋሁ ሄድን። ጋሪው ድንጋዮቹን ስለማይሻገር ወንዙ ዳር ተውነው። ከዚያ ገባን።

ስለ ጸጥታው የነገርኳችሁን እርሱት፤ ቃል አይበቃውም። የጀርባዬ ጡንቻ አንድ በአንድ ሲለቅ ተሰማኝ። ለምን እንደመጣሁ ትዝ እንዲለኝ ከንፈሬን እየነከስኩ፣ እየዘለልኩ፣ ግንዶቹን በእጄ እየዳሰስኩ አለፍኩ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። ከዚያ አንዱ ሞቀኝ።

ሜትር አልነበረም። አጭር ግንድ ነው፤ በፊቴ ከፍታ ላይ ቅርፊቱ ውስጥ የተቀበረ የጆሮ ጉትቻ ያብለጨልጫል። አወቅኩት። የመሰላል ሠሪው ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው፣ ጉትቻውንም አንድ ጊዜ አውሺኝ ብያት ከልክላኛለች።

«አባዬ! ይቺ የመሰላል ሠሪው ልጅ ናት! ትሞቃለች!»

አባዬ ወደ እኔ ሳይዞር አለፈ። ያለን ጋሪ አንድ፣ ያለን ትከሻ ሁለት ነው። አልሰማኝ ይሁን ሰምቶኝ ይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እጄን ከእሷ ላይ አንስቼ ተከተልኩት። ከእሷ በኋላም ሌሎች ሞቃቶች ነበሩ፤ ብዙ ነበሩ፤ እኔ ግን ስም መጥራቱን ተውኩት።

ሜትርን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ከሁሉም የረዘመ። እርሳሱ ከጆሮው ጀርባ እንዳለ ቅርፊቱ ግማሹን ውጦታል። ጉንጬን ለጠፍኩበት። ይሞቃል፤ ውስጡም ከሩቅ የሚመጣ፣ እጅግ የዘገየ ነገር ይመታል። አባዬ ደርሶ ሁለት እጁን ግንዱ ላይ ጫነና «መጣሁ አንተ ልጅ» አለ። «ሰማሁህ። መጣሁ።»

እኔ ልመልስለት ፈልጌ ምላሴ ከበደኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ አጠገቤ ነው፣ አባቴ አጠገቤ ነው፣ ዓለም ዝም ብሏል፤ ከዚህ ወዲያ የት ልሂድ?

አባዬ በጥፊ አለኝ። «እግርሽ! እግርሽን አንሺ! ሂጂና ድንጋዮቹ ጋ ጋሪውን አዘጋጂ። እኔ ቆርጬ ጎትቼ አመጣዋለሁ። አንቺም ቆመሽ ልትቀሪብኝ ነው?»

ሮጥኩ። አባዬ ሲደርስ እግሩ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለውን፣ በገመድ የታሰረውን ግንድ እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር። አብረን አሻገርነው።

ሥራ ቤታችን ውስጥ፣ ማሽኑ አጠገብ ያለው ጥግ ላይ በትልቁ ባልዲ ውስጥ አቆምነው፤ እንዳይወድቅ ወገቡን ከግድግዳው ጋር በገመድ አሰርነው። አባዬ ማሽኑን አጠፋና ዳግመኛ አላስነሳውም። የቀረው ሰፈር ግን መጋዙን አላቆመም፤ ጩኸቱ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ይመጣል። ባልዲውን እስከ አፉ ሞላሁት። ከዚያ ቁጭ ብለን ውሃውን ማየት ጀመርን።

ውሃው አልጎደለም። በማግስቱም አልጎደለም። ግንዱን ከታች ጀምሬ ስዳስሰው ጉልበቱ አካባቢ በርዷል። ቀጥሎ ወገቡ በረደ። ሙቀቱ ወደ ላይ እየሸሸ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። «ስንት ጊዜ ሞላሽው?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ?» ተቀመጠች። «አይ ልጄ።»

አባዬ የሰማው አይመስልም። ግንዱ ሥር ተቀምጦ «ትንሽ ደክሞት ነው፣ ይጠጣል። እሱ ሲፈጥረውም ዝግተኛ ነው» ይላል። ሜትር ዝግተኛ ሆኖ አያውቅም፤ አባዬ ግን የሚያጽናናው ልጁን ሳይሆን እኔን መሰለኝ፣ እያየኝ ነበርና የሚለው።

በዚያው ቀን ጆንያው መሽተት ስለጀመረ ልለውጠው ብዬ ገመዱን ፈታሁ። አባዬ ጓሮ ነበር። ግንዱን በትከሻዬ ደግፌ እግሩን ከባልዲው አውጥቼ ጆንያውን ገፈፍኩት።

የተቆረጠው ጫፍ ቀይ ነበር። መጀመሪያ ደም መሰለኝ። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለም ነው። ቀይ የዘይት ቀለም፣ ሁለት ጊዜ የተቀባ፣ ጥግ ጥጉ ሳይቀር በጥንቃቄ የተሸፈነ።

ይህ የእኛ ሥራ ነው። እርጥብ ግንድ ሲቆረጥ ጫፉ በቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ወዲያው በዘይት ቀለም ይደፈናል። ማንም አናጺ ያደርገዋል። ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ያህል ነው፤ መጋዙ ሲያበቃ ቡርሹ ይነሳል። የአባዬ የቀለም ቆርቆሮ ሁልጊዜ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ናት። ልጁን ቆረጠ፣ ከዚያ እጁ የለመደውን ሠራ። እንዳይሰነጠቅበት። የሚጠጣበትን አፉን ደፈነው።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቀለሙን አየ፣ ከዚያ የቀኝ እጁን አገላብጦ አየ። ያን ጊዜ ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እጁን ሲያይ ሳየው መልሼ ዘጋሁት።

«እኔ ነኝ?» አለኝ።

«አንተ ነህ አባዬ» አልኩት።

አልተቀመጠም፣ አላለቀሰም። ግንዱን አጋደምነው፤ አባዬ የእጅ መጋዙን አምጥቶ ከቀለሙ ከፍ ብሎ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ መቁረጥ ጀመረ። የገዛ ልጁን እግር ነው የሚቆርጠው። እኔ ግንዱን እያቀፍኩ «በቃ፣ ሊያልቅ ነው፣ በቃ ሜትርዬ» እላለሁ። ቁራሹ ወደቀ። አዲሱ ጫፍ ላይ እንጨቱ ደርቆ ነጥቷል፤ ከአንድ ጎን ብቻ አውራ ጣት የሚያህል እርጥብ ቦታ ነበር። በዚያ በኩል ሙጫ ያዣል።

ንጹህ ውሃ ሞልተን አቆምነው። ትንሽ ቆይቶ ስስ የመምጠጥ ድምፅ ተሰማኝ። ለአባዬ ጣቴን ወደ ባልዲው ጠቆምኩለት። ውሃው ከአፉ በሁለት ጣት ጎድሎ ነበር። ተቃቅፈን እንደ ዕብድ ዘለልን። ደስታ ነበር፤ አልዋሽም፣ ያን ከሰዓት በኋላ በሕይወቴ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኛል።

በቀኙ በኩል፣ በወገቡ ቁመት ላይ ቅርፊቱ አበጠ። ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ጣት ወጣ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ከዚያ መዳፉ እስከ አንጓው። የሜትር እጅ ናት። አውራ ጣቱ ላይ የመላጊያው ጠባሳ አለ፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ሳጋቱራ። ትሞቃለች። አባዬ ጉንጩን አሳረፈባት፣ ሳማት፣ አሸተታት።

ሌላው አልተከተለም። ክንዱን ጠበቅን፣ ፊቱን ጠበቅን። ቅርፊቱን በጣቴ ስነካው ከግንዱ ጋር አንድ ሆኗል። ውሃው የሚወጣው በዚያች አንድ እርጥብ መስመር ነው፤ ከእግር እስከ እጅ፣ ከእጁ ወዲያ መንገድ የለውም። አባዬ በጣቱ አንጓ ግንዱን ኳ ኳ አደረገው፣ ደረቱ ላይ፣ ጭንቅላቱ ላይ። የደረቀ እንጨት ድምፁ ይታወቃል። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ተያየን፤ ከዚያ እሱ ባልዲውን ሊያይ ጎንበስ አለ።

እጂቱ ማውራት የጀመረችው በማግስቱ ነው። እኛ ሥራ ቤት ማሽን ሲሮጥ በአፍ የሚያወራ የለም፣ ሞኝ ካልሆነ። በእጅ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ «ከፍ አድርግ»፤ ሁለት ጣት ታጥፎ «ወደ አንተ ሳብ»፤ የተዘረጋ መዳፍ «ጠብቅ»፤ ጣቶች ተሰብስበው ጡጫ ሲሆኑ «ማሽኑን አጥፋ»። የሰማ ደግሞ የሌላውን እጅ መታ መታ ያደርጋል፤ «እሺ» ማለት ነው። ሌላ ቃል የለንም። «አመመኝ» የሚል የለም። «ናፈቃችሁኝ» የሚል የለም።

የሜትር ጣቶች አንድ በአንድ ተሰበሰቡና ጡጫ ሆኑ። ተዘረጉ። እንደገና ተሰበሰቡ።

«ሥራ ላይ ያለ መስሎታል!» አለ አባዬ፣ እንባውና ሳቁ ተቀላቅሎ። «አየሽው? ሥራው ላይ ነው ልቡ!»

«አባዬ፣ አጥፉ እያለ ነው።»

«ማሽኑ መች በራ? ጠፍቷል እኮ፤ የጎረቤት ጩኸት እየረበሸው ነው።» ከዚያ በጡጫው ላይ መዳፉን ዘርግቶ ጫነበት። ጠብቅ።

ጡጫው ተፈታ። ትንሽ ቆየ። እንደገና ተሰበሰበ። አባዬ እንደገና መዳፉን ጫነ። ከዚያ ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባዬ ሞኝ ሆኖ አያውቅም፣ ያችን እጅ ግን ሲበላም አለቀቃት፣ ሲያንጎላጅም አለቀቃት። ጡጫዋ እየጠነከረ መጣ። አንዳንዴ ጥፍሮቹ መዳፉን ይወጉታል፣ እኔ ጣቶቹን አላቅቄ ደሙን እጠርጋለሁ። ውሃ ከሰጠናት ትኖራለች። ዛሬ፣ ነገ፣ አባዬ እስኪያረጅ፣ እኔ እስካረጅ። ከደረቅ ግንድ ውስጥ ወጥታ፣ ዓይን የሌላት፣ ጆሮ የሌላት፣ አጥፉልኝ እያለች።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችኝ።

«እትዬ፣ ያን ቀን አልመለሽልኝም። ያማል?»

ክርኗን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። «ማዶ ላይ ምንም አያምም» አለች። «የሚያመው መመለሱ ነው። ቆዳሽን እየገፈፈ ነው የሚያወጣሽ። ለእኔ አለቀልኝ፣ ሙሉ ሰው ሆኜ ወጣሁ። እንዲያም ሆኖ አባቴን ይቅር ያልኩት ከሞተ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን አምጡት አልሽን?»

«አባትሽ ሲያየኝ ምን ልበለው?» አለችና ተቆጣች። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር? ንገሪኛ!»

ወጣሁ።

ሥራ ቤት ስገባ እኩለ ቀን ነው። ለምሳ የሰፈሩ ማሽኖች ሁሉ ጠፍተዋል። አባዬ ሳጋቱራው ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ግንዱ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እጁ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ላልታ ነበር። ቀስ ብዬ የሜትርን እጅ ከእጁ አወጣሁና በሁለት እጄ ያዝኳት። አወቀችኝ። አውራ ጣቱ የመዳፌን ጠርዝ ዳሰሰ፣ ለካው፣ እንደ ልማዱ። ከዚያ ጣቶቹ ተሰበሰቡ።

አጥፊ።

እጁን መታ መታ አደረግኩት። እሺ።

ጡጫው ወዲያው ተፈታ። ጣቶቹ ላልተው መዳፌ ውስጥ ተዘረጉ፤ ያን ያህል አርፎ አላየሁትም። እኛ ሥራ ቤት «አመሰግናለሁ» የሚል ምልክት የለም። ጎንበስ ብዬ ሳምኩት። ግንዱን በትከሻዬ ደግፌ ባልዲውን ከሥሩ ሳብኩና ጓሮ አውጥቼ ደፋሁት። ውሃውን አፈሩ ጠጣው። ባዶውን ባልዲ መልሼ ከግንዱ ሥር አደረግኩት። እጂቱን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እስኪያልቅለት ልጠብቅ። እንባዬ ይወርዳል፣ ግን ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር። የጣቶቹ ጫፍ መንጣት ጀመረ፣ መቀዝቀዝም።

አባዬ ነቃ። መጀመሪያ ያየው እጂቱን አልነበረም፣ ባልዲውን ነው። ዓይኑን አሸት አድርጎ ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ፣ እጁን ሰድዶ ታቹን ዳበሰ።

«ጠጣው» አለ። «ፌንጣዬ፣ ጠጣው! ሙሉውን!»

ተነሳ። ተንገዳገደ፣ ግድግዳውን ያዘ፣ ሳቀ። ሜትር ከጠፋ ጀምሮ ጥርሱን አላየሁም ነበር። «ምን አልኩሽ? ዝግተኛ ነው አላልኩሽም? አንድ ባልዲ ሙሉ! አሁን ይለቃል፣ ታያለሽ፣ ክንዱ ይለቃል፣ ነገ ደግሞ ፊቱ…» ፊቴን ሲያይ ቆመ። «ታለቅሻለሽ? አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ደስ ሲልም ይለቀሳል። አልቅሺ። ግን ቶሎ በይና ሙይለት፣ ጠምቶታል።»

«አባዬ» አልኩት።

«እህ?»

ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። የሚሰማበትን፣ ቀኙን። ፊቱ ላይ ያለውን ባላይ ኖሮ እነግረው ነበር። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ነበር።

«ምንም» አልኩት።

እጂቱን ተቀበለኝ። ጣቶቹ ቀስ ብለው፣ ደክመው፣ ተሰበሰቡ። አባዬ መዳፉን ጫነበትና «ጠብቅ አንተ ልጅ፣ ውሃው እየመጣ ነው» አለው።

ባልዲውን ይዤ ወደ ቧንቧው ወጣሁ። ምሳ ሰዓት አልቆ ከወዲያኛው ጫፍ አንዱ ማሽኑን አስነሳ፤ ሌላው ተከተለ። ውሃ ሄዷል ልለው እችል ነበር፤ ሰፈራችን ውሃ እንደ ወጉ ይጠፋል፣ ያምነኝ ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩት። መጣ። ባልዲው እስኪሞላ ቆምኩና፣ ዘግቼ፣ እንዳይፈስብኝ በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ውስጥ ገባሁ።